ሁለተኛው ሥራ መቼ ይከስራል?

ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ጎንደር ላይ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ቀሐ ሲወርዱ፣ በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ የሚያድረውን ሕዝብ የሚያስተናግዱት ሆቴሎቹ ብቻ አይደሉም። መምህሩ ሳሎኑን አስለቅቆ ፍራሽ ደርድሯል። የቢሮ ጸሐፊዋ ደጃፏ ላይ ቄጠማ ጎዝጉዛ ረከቦት ዘርግታለች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው የተዋሰውን ካሜራ አንግቶ ፎቶ ያነሳል፤ መኪና ያለውም ከአዘዞ አየር ማረፊያ እንግዳ ያመላልሳል። ሎሚው፣ ነጠላው፣ ጧፉ፣ ጠላው ሁሉ ገዢ አለው፤ ስልክ ቻርጅ ማድረግ እንኳ ይሸጣል። የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ቀን ተመልሶ በዓሉ ሲያበቃ ፍራሹ ይጠቀለላል፣ ረከቦቱ ወደ ጓዳ ይገባል፣ መምህሩም ወደ ጠመኔው ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ጎንደሬ የሥራ ሐሳብ ቸግሮታል ሊል አይችልም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ሐሳቦቹ አብዛኞቹ በአንድ ቀን የሚነሡ፣ በአንድ ቀንም የሚወድቁ ናቸው።

ተጨማሪ ሥራ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምን ያዋጣል?» ብሎ ነው። ጎረቤቱም፣ አሠልጣኙም፣ አበዳሪውም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከዚህ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ ሊቀድም ይገባል፦ ይህ ሥራ የሚከስረው መቼ ነው? ደመወዝ በዘገየበት፣ ማሳውን በረዶ በመታበት፣ መንገድ በተዘጋበት ወር አብሮ የሚቆም ከሆነ ለቤቱ ሁለተኛ ገቢ ጨመረ ማለት ያስቸግራል፤ የጨመረው ድካም ነው። ትርፉ ትንሽ ሆኖ ዋናው ገቢ በደረቀበት ጊዜ የሚንጠባጠብ ሥራ ግን ከሚታየው ትርፉ በላይ ዋጋ አለው። በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ ያለፉት ዓመታት የሆነው ሁሉ ይህንን ልዩነት ደጋግሞ አሳይቷል።

መጀመሪያ ሰው ለምን ተጨማሪ ሥራ እንደሚፈልግ እንነጋገር። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ምንዛሬውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የባጃጅ መለዋወጫውም ይህንን ተከትሏል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ተጨማሪ ገቢ የሚፈልገው ለመበልጸግ ሳይሆን ያለበትን ኑሮ ላለመልቀቅ ነው። ይህ ሰው በጭንቀት ስለሚጀምር የሚቀርበውንና የሚያየውን ይጀምራል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ከሁሉ በላይ የሚታየው እንግዳ ነበር። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በዩኔስኮ መዝገብ ገብተዋል። ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሲጨመር ተስፋው ጣሪያ ነካ። አልጋ የጨመረ፣ መኪና በብድር የገዛ፣ የባህል ልብስ ያከማቸ ሁሉ ጥሩ ምክንያት ነበረው።

ከዚያ የመጣውን ሁሉም ያውቀዋል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነቱ ተቀሰቀሰ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ውጊያው እስከ ዳባት ደርሶ የጭና ነዋሪዎች ተጨፈጨፉ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋረጠ። በእነዚህ ዓመታት ባልየው አስጎብኚ፣ ሚስቲቱ የመታሰቢያ ዕቃ ሻጭ፣ ልጁ የኪራይ መኪና ሾፌር የሆነበት ቤት ምን ሊገጥመው እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም። በወረቀት ላይ ሦስት ገቢ ነበረው፤ ሦስቱም ግን የሚጠብቁት ያንኑ እንግዳ ነው። አውሮፕላኑ ባዶውን ሲመጣ ሦስቱም በአንድ ሳምንት ቆሙ። ገቢን ማብዛትና ገቢን መለያየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ ላይ፣ ይኸው ጉዳይ በሌላ መልኩ ይታያል። ወደ ፓርኩ የሚገባ ጎብኚ እዚያ ይመዘገባል፤ የታጠቀ ጠባቂ ይመደብለታል፤ አስጎብኚ፣ አብሳይና ባለ በቅሎ ይቀጥራል። ባለ በቅሎዎቹ የሚሠሩት በተራ ነው። ተራው የደረሰው ጓዙን ጭኖ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ይወጣል፤ ሌላው ይጠብቃል። አሁን ሁለት ሰዎችን እናነጻጽር። አንዱ ገንዘቡን በቅሎ ገዝቶበታል፤ ሌላው ለኪራይ የሚሆኑ ድንኳኖችና የመኝታ ከረጢቶች። ጎብኚ በሚበዛበት ወቅት ባለ ድንኳኑ የተሻለ ሊያገኝ ይችላል። ጎብኚ ሲጠፋ ግን በቅሎዋ ገብስ ትጭናለች፣ ድንች ወደ ገበያ ታወርዳለች፣ የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ታደርሳለች፤ ሲብስም ትሸጣለች። ድንኳኑ ከተራራው ውጪ ሥራ የለውም፤ ገዢውም ያው የተቸገረ ባልንጀራ ነው። ስለዚህ የሥራ ሐሳብ ሲመዘን ዕቃው ራሱ ሊጠየቅ ይገባል፦ ይህ ገበያ ቢዘጋ ሌላ ምን ትሠራለህ? መልስ የሌለው ዕቃ ርካሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ወለቃም ተመሳሳይ ነገር ታስተምራለች። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ይህች መንደር የቤተ እስራኤላውያን መኖሪያ ነበረች። ርስት የመያዝ መብት የተነፈጋቸው እነዚህ ሰዎች የሰው መሬት ከማረስ ጎን ለጎን ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር፤ ሴቶቹም ሸክላ ይሠሩ ነበር። ማኅበረሰቡ በሙያው እየተጠቀመ ባለሙያውን ሲያገል መኖሩ የታወቀ ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን የውጭ ጎብኚ ሲበዛ ሸክላ ሠሪዎቹ ትናንሽ የሰውና የእንስሳት ምስሎችን መሥራት ጀመሩ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከሄዱም በኋላ የቀሩት ሴቶች ሥራውን ቀጥለውበታል። አሠራሩ መሽከርከሪያ አይጠቀምም፤ ጭቃው ተቦክቶ በእጅ እየተጠቀለለ ከታች ወደ ላይ ይገነባል፣ በእርጥብ ጣት ይስተካከላል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ደርቆም በእንጨትና በኩበት እሳት ሜዳ ላይ ይተኮሳል። ከዚያው ጭቃ፣ በዚያው እሳት ጀበናም ይወጣል፣ ምጣድም ይወጣል። ምስሉ ጎብኚ ይጠብቃል፤ ጀበና ግን የሚሰበረው ጦርነት ቢኖርም ባይኖርም ነው። ሁለቱንም የምትሠራ ሴት አንድ ሙያና ሁለት ገበያ አላት። የሚሻለውም ይህ ነው፤ ሁለተኛ ሙያ ለመማር ዓመታት ያስፈልጋሉ፣ የያዙትን ሙያ ለሌላ ገዢ ማቅረብ ግን ወራት ይበቁታል።

ገበሬው ይህንን ስሌት ከከተሜው ቀድሞ ያውቀዋል። የደባርቅ፣ የዳባት፣ የጃናሞራ ደገኛ ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን የሚያፈራርቀው አንዱ ሲመታ ሌላው እንዲተርፍ ነው። እጥረት ሲመጣ ደግሞ ወደ መተማና ቋራ ቆላ ይወርዳል፤ ሰሊጥ ያርማል፣ ያጭዳል። እዚያ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ «ሳሉግ» ይሉታል። ይህ ለሰሜን ጎንደር ደገኛ የታወቀ የጎን ሥራ ነው፤ ፈቃድም፣ ሥልጠናም፣ መነሻ ካፒታልም አይጠይቅም። የደጋው አዝመራ ሲበላሽ የቆላው ሰሊጥ አብሮ ላይበላሽ ስለሚችል በእኛ መመዘኛ ጥሩ ነው። ነገር ግን ኪሳራው በብር ብቻ አይቆጠርም። በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር የምትኖረው የአሸዋ ዝንብ ካላዛርን ታስተላልፋለች፤ በሽታውን ተላምዶ ያላደገው ደገኛ ደግሞ ለእርሱም ለወባም ይበልጥ ተጋላጭ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ታካሚዎቹ የሚመጡበት የካላዛር ማዕከል አለ። ስለዚህ «መቼ ይከስራል?» የሚለው ጥያቄ «ሲከስር የሚወስደው ምንድን ነው?» በሚል መሟላት አለበት። ካፒታል የማይጠይቅ ሥራ ብዙውን ጊዜ መያዣ የሚያደርገው ጤናን ነው።

ይህ ሁሉ ከምልከታ የመጣ ብቻ እንዳይመስል፣ በኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ጥናት መጥቀስ ይጠቅማል። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በአምስት ድርጅቶች ለመቀጠር ያመለከቱ አንድ ሺሕ ያህል ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሏቸው። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ ተሰጠው፤ ሌላው 300 ዶላር ገደማ ከአጭር የንግድ ሥልጠና ጋር፤ ሦስተኛው ምንም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ገንዘብና ሥልጠና ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው ምንም ካላገኙት በሲሶ ገደማ በልጧል። ፋብሪካ የገቡት አብዛኞቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀዋል። እስከዚህ ድረስ ለራስ ሥራ ጥሩ ምስክር ነው። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ ግን ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሁሉም ተቀራራቢ ገቢ ላይ ደርሰዋል። ከዚህ ሁለት ነገር መያዝ ይቻላል። ትንሽ መነሻ ገንዘብ ሰውን በእርግጥ ያነሣል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተነሣ ትንሽ ንግድ ራሱን ችሎ ሽቅብ እየወጣ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። የትንሹን ንግድ ዋጋ በዕድገቱ የሚለካ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ ክፉ ጊዜ በማሻገር አቅሙ የሚለካው የተሻለ ይመርጣል።

ታዲያ ሐሳቡ ከየት ይምጣ? የተለመደው መንገድ ማየትና መድገም ነው። አንዱ ጁስ ቤት ከፍቶ ሲሳካለት በዓመቱ መንገዱ በጁስ ቤት ይሞላል፤ አንዱ ባጃጅ ገዝቶ ሲያተርፍ ሠፈሩ ባጃጅ ይገዛል። መቅዳት በራሱ ነውር የለውም። ሰው የሚቀዳው ግን የሚታየውን ገቢ ነው፤ የማይታየው ኪሳራ አብሮ ይመጣል። ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባጃጆች ሁሉ በአንድ ቀን ይቆማሉ። በቶጎ 1,500 ትናንሽ ነጋዴዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እዚህ ላይ ይረዳል። የሒሳብና የገበያ ሥልጠና የወሰዱት ትርፋቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ቀድሞ ማሰብን፣ ከጎረቤት የተለየ ነገር መሞከርን፣ መሰናክልን ከመምጣቱ በፊት መገመትን የተለማመዱት ግን ትርፋቸው በ30 በመቶ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ ሐሳብ መፈለግ የተፈጥሮ ጸጋ ብቻ አይደለም፤ ይለመዳል። ጎንደር ላይ መለማመጃው ቅዳሜ ገበያ ነው። ክፉ በሚባለው ወር እዚያ ገብቶ ምን መሸጡን እንደቀጠለ ያስተዋለ ሰው ብዙ ይማራል። በርበሬና ሽሮ ማዘጋጀት፣ እንጀራ ማቅረብ፣ ጫማና ስልክ መጠገን፣ ልብስ ማጥበብና መገልበጥ አይቆሙም፤ እንዲያውም አዲስ መግዛት ሲያቅት ጥገና ይበዛል። እነዚህ ሥራዎች በጥምቀት ሳምንት ከአልጋ ኪራይ ጋር አይወዳደሩም። የሚወዳደሩት በቀሩት ሳምንታት ነው።

ስለ ጭንቀቱም እንነጋገር፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሥራ መብዛቱ እንደሆነ ይነገራልና። የጎን ሥራ የያዘ ሰው ይደክማል፤ ያ በእንቅልፍ ይወጣል። እንቅልፍ የሚነሣው ግን ገንዘቡ የማን እንደሆነ ነው። እቁብን እንውሰድ። ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሲቆጥብ ከርሞ፣ በንረቱ ዘመን፣ የመግዛት አቅሙ የቀነሰ ገንዘብ ይረከባል። ቀድሞ የወሰደው ዋስ ይጠራል፤ ዋሱም አጎቱ፣ የሥራ ባልደረባው ወይም የክርስትና አባቱ ነው። ንግዱ ሲወድቅ የሚወድቀው ዕዳ ብቻ ሳይሆን ዝምድናም ነው። የቡድን ብድርም እንዲሁ ነው። በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በሕዝቡ አጠራር አብቁተ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ፀደይ ባንክነት ከመሸጋገሩ በፊት፣ ንብረት ለሌለው ደጅ የከፈተው አንዱ መንገድ የጓደኛ ዋስትና ነበር። አንዱ ሲያቅተው ሌሎቹ ይከፍላሉ። በጥሩ ጊዜ ይህ መደጋገፍ ነው። የቡድኑ አባላት ሁሉ የሚሸጡት ለአንድ ዓይነት ገዢ ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ወር ያቅታቸዋል፤ ያኔ ዋስትናው ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ2009 ዓ.ም. በፌዴራል ደረጃ የተመደበው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ወጣቶች ተደራጅተው እንዲበደሩ የታሰበ ነበርና ይኸው አደጋ ነበረበት።

ከብድሩ ቀጥሎ ዱቤው አለ። በየሠፈሩ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ጠርዙ የተገለበጠ ደብተር ይገኛል፦ ስም፣ ዘይት ግማሽ ሊትር፣ ስኳር፣ ሳሙና፣ ከዚያ «ደመወዝ ሲወጣ»። ደብተሩ ደንበኛን ያቆያል፤ ደመወዝ ሲዘገይ ደግሞ ባለ ሱቁ ሳያውቅ አበዳሪ ይሆናል። እምቢ ቢል ጨካኝ ይባላል፤ እሺ ቢል ለጅምላ ሻጩ የሚከፍለው ያጣል። ግብሩም ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት በዓመት እስከ 500,000 ብር የሚያንቀሳቅስ ግለሰብ ነጋዴ «ደረጃ ሐ» ተብሎ በቁርጥ ግብር ይስተናገድ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምቱ ሲወጣ በአገሪቱ ብዙ ቦታ ሱቅ እስከ መዝጋት የደረሰ ቁጣ ያስነሣው ይኸው አሠራር ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ገቢውን የሚነግረው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ይጨነቃል። እያንዳንዱን ግዢና ሽያጭ በቀን በቀኑ የሚጽፍ ግን ቢያንስ የሚከራከርበት ወረቀት አለው። ዱቤውን በጣሪያ መወሰን፣ የቤቱን ብርና የንግዱን ብር መለየት፣ ከዘመድ የተወሰደውን «ብድር» ወይም «ስጦታ» ብሎ ከመጀመሪያው መስማማት፣ ሁሉም ጭንቀቱን የሚቀንሱት የኪሳራውን ድንበር ስለሚያሰምሩ ነው።

ይህንን ክርክር የማይቀበሉ አሉ፤ ቃላቸውም ክብደት አለው። የመጀመሪያዎቹ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይላሉ። ትኩረቱን የከፈለ መምህር ክፍሉንም ንግዱንም ይበድላል፤ አገር የሚያድገው ሰው አንድ ሙያ ጠንቅቆ ሲይዝ ነው። ተረቱ እውነት አለው፤ ለዚህም ነው ከአዲስ ሙያ ይልቅ በያዙት ሙያ ሁለተኛ ገበያ መፈለግ የሚሻለው። የሒሳብ መምህር ማታ ቢያስጠና፣ የጤና ባለሙያዋ ከሥራ ሰዓት ውጪ በሙያዋ ብትሠራ፣ ሁለት ዛፍ ላይ አልወጡም። ደግሞም አንድ ዛፍ ላይ ብቻ መቀመጥ የሚያምረው ዛፉ ካልተቆረጠ ነው።

ሁለተኛዎቹ ጦርነት ባለበት ስለ ሥራ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው ይላሉ። መንገድ ከተዘጋ በርበሬውም አይገባም፣ ሰው ከታገተ ሱቁም አይከፈትም። ይህም እውነት ነው፤ ከሁሉም አደጋ የሚያድን ሥራ የለም፣ ሰላምን የሚተካ የንግድ ሐሳብም የለም። ይሁን እንጂ በክፉ ጊዜም ሁሉም እኩል አይጎዳም። ባለ በቅሎውና ባለ ድንኳኑ ያለፉበት ዓመት አንድ ነው፤ የደረሱበት ግን ይለያያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው፦ «ሥራ ፍጠር» ማለት የመንግሥትን ኃላፊነት በግለሰብ ጫንቃ ላይ መጫን ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩትን ከ400 በላይ አባወራዎች እናስብ። ገብስ፣ ከብት፣ በግና በቅሎ የነበረው ቤት በአንድ ጊዜ ካሣ የሚባል ጥሬ ገንዘብ ተሰጥቶት ከተሜ ነጋዴ እንዲሆን ተጠበቀ። ያ ገበሬ የሥራ ፈጠራ መንፈስ ጎድሎት አልነበረም፤ የጎዳው ለትውልድ የገነባው የተለያየ ገቢ በአንድ ቼክ መለወጡ ነው። ስለዚህ ተቃውሞውን በከፊል እቀበላለሁ። ሰው በራሱ ምርጫ ሊያስተካክለው የማይችለው አደጋ አለ፤ እርሱን ለግለሰብ ትጋት መተው ግፍ ነው። ነገር ግን ይህ መከራከሪያውን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ «መቼ ይከስራል?» የሚለውን ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ተበዳሪው ብቻ አይደለምና።

አበዳሪው ባንክ፣ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱ፣ አሠልጣኙ የሚያስሞሉት የሥራ ዕቅድ ስለሚጠበቀው ትርፍ ይጠይቃል። ከጎኑ ሌላ ረድፍ ቢጨመር ወጪው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ገቢው የሚቆመው በምን ምክንያት ነው፣ በዚያው ምክንያት የቤቱ ሌላ ገቢ ይቆማል ወይ፣ ዕቃው ሌላ ምን ይሠራል፣ ቡድኑ ውስጥ ስንቱ ለአንድ ገዢ ይሸጣል። የመክፈያ ጊዜውም በየወሩ እኩል ከመሆን ይልቅ የሥራውን ወቅት ቢከተል፣ በጥር የሚያገኝ በጥርና በየካቲት አብልጦ፣ በክረምት አሳንሶ ቢከፍል፣ ብዙ ዋስ ከጭንቀት ይድናል። ሥራውን የሚጀምረው ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቁጥር ይጻፍ፤ የሚያተርፈውን ሳይሆን እዚህ ሲደርስ አቆማለሁ የሚልበትን የኪሳራ መጠን። በማኅበረሰባችን ሱቅ መዝጋት እንደ ውርደት ስለሚታይ ብዙ ሰው መዝጋት ከነበረበት ቀን በኋላ ለወራት ይበደራል፤ ቤት የሚያፈርሰው የመጀመሪያው ኪሳራ ሳይሆን ያንን ለመደበቅ የተወሰደው ብድር ነው። ቁጥሩን አስቀድሞ ለትዳር ጓደኛውና ለዋሱ የነገረ ሰው በጊዜ ይዘጋል፣ ዕዳውን ይከፍላል፣ በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ሥራ ልጀምር ሲል ዋስ የሚሆነው አያጣም።